ሽልማትና ምርቃት፦ ትምህርት ቤት ጎበዙን ያከበረበት ረጅም መንገድ

  ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን አቅርባችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ሰኔ በቀረበ ቁጥር መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ይደረግ ወይስ ይቅር? ከተደረገስ ማን ይሸለም? አንዱ "ልጆቹ ሞራል ያስፈልጋቸዋል" ይላል። ሌላው ደግሞ "12ኛ ክፍል ስንት ልጅ አሳልፈን ነው ጭብጨባ የሚያምረን?" ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ግን ክርክሩን በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላ ማየት ይቀናኛል። ለመሆኑ እኛ አገር ተማሪና መምህር የሚከበሩበት በዓል ከየት መጣ? ማን ነበር ሸላሚው? መምህሩስ የት ነበር የሚቀመጠው?

ሁለት ቃላት

ታሪኩን ለማወቅ መጀመሪያ የምንጠቀምባቸውን ሁለት ቃላት ልብ እንበል፤ ሽልማትና ምርቃት። አሁን አብረው ይጠሩ እንጂ የመጡት ከተለያየ ቤት ነው።

ሽልማት የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ቃል ነው። ሸለመ ማለት አስጌጠ ማለት ነው። የጥንቱ ጌታ ጠላት ጥሎ የመጣለትን ሰው ለምድ ያለብሰዋል፣ ጎራዴ ያስታጥቀዋል፣ በቅሎ ከነጌጧ ይሰጠዋል። ሹመትና ሽልማት ጎን ለጎን የሚጠሩትም ለዚሁ ነው። "ጎበዝ" የምንለው ቃልም ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው። የጎበዝ አለቃ የሚባለው ጦር ይዞ ወጣቱን የሚመራ ሰው እንጂ የክፍል አለቃ አልነበረም! ዛሬ "ጎበዝ ተማሪ" ስንል በጦርና በጋሻ የነበረውን ክብር ሳናስበው ለደብተርና ለእስክሪብቶ እየሰጠን ነው።

ምርቃት ደግሞ የቤተ ክህነትና የሽማግሌ ቃል ነው። መረቀ ማለት ባረከ ማለት ነው። ጥቁር ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳው ተመራቂ፣ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ "የሚባረክ" ነው። ምን ያህሎቻችን ይህን እናስበዋለን?

ልዩነታቸው ከባድ ነው። ሽልማት ከብዙዎች መካከል አንዱን ይመርጣል፤ ውድድር አለበት፣ አሸናፊና ተሸናፊ አለበት። ሰጪው ከላይ ነው፣ ተቀባዩ ከታች። ምርቃት ግን ውድድር አያውቅም። ሽማግሌ ሲመርቅ "አንተ ሦስተኛ ስለወጣህ ምርቃቱ እዚህ ጋ ያበቃል" አይልም። ደረጃውን የደረሰ ሁሉ ይመረቃል። የእኛ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ወርሷል። ክርክሩ የሚነሳው፣ በእኔ ግምት፣ አንዱን ይዘን ሌላውን ስለረሳን ነው።

ዳዊት የደገመ ልጅ

በእኛ ደጋ፣ በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ልጁ ከፊደል ይጀምራል፤ ሀሁን ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይለያል። ከዚያ የዮሐንስን መልእክት ያነባል። በንባብ አንደበቱ ሲፈታ ወደ ዳዊት ይገባል። 150ውን መዝሙር አንብቦ መጨረስ፣ "ዳዊት መድገም"፣ የልጅነት ትልቁ ደረጃ ነበር። ዳዊት የደገመ ሰው በመንደሩ የተማረ ሰው ነው፤ ደብዳቤ ያነባል፣ ውል ይጽፋል።

ያን ቀን ድግስ አለ። እናት ጠላ ትጠምቃለች፣ አቅም ያለው በግ ይጥላል፣ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል። በድግሱ ላይ የክብር ቦታው የየኔታ ነው። ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ለየኔታ ስጦታ ያቀርባል፤ ጋቢም ይሁን እህል፣ በእኛ ብርድ አገር ደግሞ ባናም ሊሆን ይችላል። የኔታ ተነስተው ልጁን ይመርቃሉ። ወላጅ ደግሞ የኔታን ያመሰግናል።

እስቲ ይህን ድግስ እንደ ታሪክ ማስረጃ እንየው። ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ መምህርና ተማሪ የሚከበሩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ማዕድ ነው። የልጁ መጨረስ የመምህሩም መጨረስ ነው። "የተማሪዎች ቀን" ለብቻ፣ "የመምህራን ቀን" ለብቻ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ደረጃ የለም። አንዱ ልጅ ዳዊቱን በሁለት ዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው ከብት እየጠበቀ፣ እርሻ እየረዳ አራት ዓመት ይፈጅበታል። ሁለቱም ሲጨርሱ ይደገስላቸዋል። የኔታ "የዘንድሮ አንደኛ" ብለው አያውጁም።

ሦስተኛ፣ ደጋሹ መንደሩ ነው። ከሩቅ የሚመጣ የክብር እንግዳ አይጠበቅም።

ከፍ ባለው ትምህርትም እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በጉባኤ ሲያሰማ አዳማጩ ጥሩ ስንኝ ሲመታ "ይበል!" ይለዋል። ለእኔ "ይበል" ከሰርተፊኬት የሚበልጥ ሽልማት ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ሥራውን ካዳመጠና ከገባው ሰው ነው። ሳያነብ የሚያጨበጭብ ሰው "ይበል" ማለት አይችልም።

ግን የድሮውን ሁሉ ወርቅ አድርገን አናቅርበው። ያ ማዕድ በአብዛኛው የወንድ ልጅ ማዕድ ነበር። ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ የተደገሰላት ስንት ናት? አለንጋውም ነበረ። ከቤቱ ርቆ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ሲለምን ነው የኖረው። ማክበሩን ከዚያ እንማር፤ ችግሩን ግን አንናፍቀው።

ንጉሡ ሸላሚ ሲሆኑ

ዘመናዊው ትምህርት በ1900ዎቹ መጀመሪያ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ከግብፅ በመጡ መምህራን ተጀመረ። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተጨመረ። ከነዚህ ጋር ሽልማት ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገባ።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበሩት ትምህርት ቤቶች ግን አንድ ጥሩ ነገር ከድሮው ይዘው ነበር፤ የመምህርና የተማሪን ሥራ አብሮ ማሳየት። ዮፍታሔ ንጉሤን ውሰዱ። ጎጃም ቅኔ የተማረ ሰው ነው። አዲስ አበባ መጥቶ በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ተውኔትና መዝሙር ጽፎ ተማሪዎቹን አሠለጠነ፣ መድረክ ላይ አወጣቸው። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ ለደራሲው መምህርም ለተዋናዩ ልጅም ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆና ለተማሪዎቿ ተውኔት እየጻፈች ታሠራ ነበር። ኋላ ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲደርስ ድራማና መዝሙር የምናዘጋጀው የእነዚህን ሰዎች ፈለግ ይዘን ነው፤ ስማቸውን ባናነሳም።

በመሀል ያለውን ጥቁር ዘመን መዝለል አይቻልም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ተምረዋል የተባሉትን ወጣቶች እየለቀሙ ገደሉ። ትላንት የተሸለመው ልጅ በመማሩ ብቻ የሚታደን ሆነ። አገሪቱ ከነጻነት በኋላ ከጥቂቶች ነበር እንደገና የጀመረችው፤ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቀጥሎ ጄነራል ዊንጌት እያለ።

በዚህ ዘመን ትልቁ ሸላሚ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘውት ነበር። ትምህርት ቤት እየዞሩ ይጎበኙ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲውን ዲግሪ በእጃቸው ይሰጡ ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ተማሪው ጎንበስ ብሎ ይቀበላል፣ ንጉሡ ይሰጣሉ። መምህሩስ? ካለም ከኋላ ነው። የየኔታ የክብር ቦታ ለሌላ ተሰጠ ማለት ነው።

አትሳሳቱ፣ ነገሩ ጥቅም ነበረው። የድሃ ልጅ በእውቀቱ ብቻ ከንጉሥ እጅ ሲቀበል አገር አየ። "ተማር" የሚለው ምክር ክብደት አገኘ። ግን አንድ ልማድም ተከለ፤ በዓሉ የሚደምቀው በሸላሚው ማዕረግ ሆነ። ዛሬም ለዓመት መዝጊያ ስንዘጋጅ ግማሹ ስብሰባ የሚያልቀው "የክብር እንግዳው ማን ይሁን?" በሚለው አይደል?

ማትሪክ የሚባል በር

በዚያው ዘመን ፈተናውም መጣ። "ማትሪክ" የምንለው ስም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የወረስነው ነው፤ ኋላ በኢትዮጵያ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ሲተካም ስሙ ከሕዝብ አፍ አልወጣም። ለእኛ አካባቢ ልጅ ደግሞ ወደ ማትሪክ የሚወስደው መንገድ ለረጅም ጊዜ በደብረ ብርሃን ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ በሸዋ በተዋጋው አርበኛ ስም በተሰየመው ኃይለማርያም ማሞ ትምህርት ቤት። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ልጁ ስንቁን ቋጥሮ፣ ሸለቆ ወርዶ ዳገት ወጥቶ ነበር የሚሄደው። ጎበዝ የሚለው ቃል በጥሬ ትርጉሙ የሚሠራው ለነዚህ ነው።

መምህሩም ከፎቶው ኋላ መቆም ሲበቃው በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ። ጥያቄው የደመወዝም ነበር፣ የትምህርት ፖሊሲም ነበር። ያ አድማ ከታክሲ ነጂውና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተደምሮ ዘውዱን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም የዩኔስኮን የማንበብና መጻፍ ሽልማት አስገኘ። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የተሸለመው አንድ ልጅ አይደለም፤ ፊደል የቆጠረ ሽማግሌና ያስቆጠረው ልጅ አብረው ናቸው። በየቀበሌው ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን እናቱን ያስተማረ የ9ኛ ክፍል ልጅ ባለውለታ ነው። በዚያው ዘመን ግን ስንት ወጣት በቀይ ሽብር እንደተቀጠፈ እናውቃለን። ያ ትውልድ ሽልማቱንም ሬሳውንም በአንድ እጅ ነው የቆጠረው።

ሰኔ 30

ወደምናውቀው እንምጣ። ሰኔ 30 ሲባል የማይስቅ የቀድሞ ተማሪ አለ? ካርድ የሚሰጥበት ቀን! ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ጠብ የሚወራረድበት ቀን! "ሰኔ 30 እንገናኝ" ተብሎ ያልተዛተበት ማን ነው?

ከጠቡ በፊት ግን ሰልፉ አለ። ስም ይጠራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ደብተርና እስክሪብቶ፣ አንዳንዴ መዝገበ ቃላት። ሰርተፊኬት ላይ ማኅተም። ልጁ ሽልማቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲመለስ እናቱ እልል ትላለች። በጣም ቆንጆ ነገር ነው፤ እኔም የማልረሳው ነው።

ሒሳቡን ግን እንሥራ። በ60 ልጆች ክፍል ሦስቱ ይሸለማሉ። 57ቱ ያጨበጭባሉ። በዓመቱ ደግሞ በአብዛኛው እነዚያው ሦስቱ ይሸለማሉ። እንዲህ እያለ 12 ዓመት። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት 12 ዓመት ተመላልሶ ስሙ አንድም ቀን በመልካም ሳይጠራ ሊወጣ ይችላል። ዳዊቱን በአራት ዓመት የጨረሰው ልጅ ግን ተደግሶለት ነበር እኮ!

መምህሩም በዚያ ቀን የለም። ሌሊቱን ሮስተር ሲደምር፣ አማካይ ሲያወጣ፣ ደረጃ ሲያስተካክል ያደረው ሰው ሰልፉን ጸጥ እያሰኘ ጎን ላይ ይቆማል።

የቁጥሩ ዘመን

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፈተና መሰረቅና ኩረጃ ጣራ ነክቶ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፣ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም 1,328 ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ቀስ እያለ እየተነሳ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ውሸት ናቸው አልልም። የተደበቀውን ቁስል ገልጠው አሳዩን። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ ፎቶ በየገጹ ይዞራል፤ ከ700 ይህን ያህል፣ ከ600 ይህን ያህል እየተባለ። ይገባዋል። ፊደል ያስቆጠረው፣ ሒሳብ ያስያዘው መምህር ስም ግን ስንቴ አብሮ ይነሳል? ልጆች ሲወድቁ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው መምህሩ ነው። ሲሳካ የልጁ ነው፣ ሲበላሽ የመምህሩ።

ደግሞ የእኛን ክልል ዓመታት አስቡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ጊዜ ነበር። በዚህ መሀል ክፍል ገብቶ የተማረ ልጅ፣ ጠመኔ ይዞ የቆመ መምህር ቁጥሩ ውስጥ አይታይም። 48 ያመጣችው ልጅ "ወደቀች" ናት። ከየት ተነስታ 48 እንደደረሰች የሚጽፍ ሰንጠረዥ የለም።

እና ምን ይሁን?

"ለሁሉም ሰርተፊኬት እንስጥ" የሚል ሐሳብ አለ። እኔ አልደግፈውም። ለሁሉም የሚሰጥ ሽልማት ሽልማት አይደለም፤ ልጆቹም ያውቁታል። በውሸት ማመስገን ከመንቀፍ ይብሳል፤ ልጁ እውነተኛውን ምስጋና ሲሰማም እንዳያምን ያደርገዋል።

እኔ የምለው ሁለቱን ቃላት ወደየቦታቸው እንመልስ ነው። ሽልማቱ ጠበቅ ይበል፤ ምርቃቱ ግን ለሁሉም ይሁን።

ሽልማት ስንሰጥ የምንሸልመው ነገር የታወቀና የተመዘነ ይሁን። አንደኛ የወጣው ይሸለም፣ አዎ። ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ብዙ ያሻሻለውም ይመዘን፤ ውጤቱ እኮ እጃችን ላይ ነው፣ መቀነስና መደመር ብቻ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ስንቋን ለማምጣት ወደ ቤቷ ተመላልሳ አንድም ቀን ሳትቀር ዓመቱን የጨረሰች ልጅም ትመዘን። ሰኞ ጠዋት መጽሐፍ ለመዋስ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚቆመውም ይመዘን።

ከሠራተኛውም እንዲሁ። ስለ መምህራን የሚወራው መስከረም 25፣ በዓለም የመምህራን ቀን ነው፤ ያም ከመጣ ገና ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማት የመምህርነት ዘርፍ አለው፤ ደስ ይላል። ግን አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የራሱን መምህር ለማመስገን አዲስ አበባን መጠበቅ የለበትም። የላብራቶሪ ዕቃ ከሌለበት ከጠርሙስና ከሽቦ ሠርቶ የሚያሳየውን የፊዚክስ መምህር ልጆቹ ያውቁታል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ ሌሊት ግቢውን የሚጠብቀውን ጋሼን፣ ክፍሉን የምታጸዳዋን እትዬን ሁሉም ያውቃቸዋል። ልጁ ሲሸለም ያስተማረው መምህር ስምም አብሮ ይጠራ። ወጪ የለውም!

ምርቃቱስ? ሰልፉ ሳይበተን የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ቄሱም ሼኩም ባሉበት፣ ዓመቱን ለጨረሰ ሁሉ ምርቃት ይስጡ። 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ቢያልፍም ባያልፍም ፈተና ሳይሄድ ይመረቅ። ውጤት ሲወጣ ሳይሆን ሲነሳ ነው ምርቃት የሚያስፈልገው። ባያልፍ እንኳ "ትምህርት ቤቴ አንድ ቀን መርቆኛል" ብሎ ይወጣል፤ እርሻም ገባ፣ ንግድም ጀመረ፣ እንደገናም ተፈተነ፣ ቀና ብሎ ይሄዳል። ነገ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ወይም የማይልከው እሱ ነው።

ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በዓል ማድረግ የለበትም ለሚሉት መልሴ ይኸው ነው። በዓሉ ውጤቱን ለመሸፈን ከሆነ ይቅር። ጠዋት ላይ ለወላጅ ቁጥሩን በግልጽ እንናገር፤ ስንት አስፈተንን፣ ስንት አለፈ፣ ምን ጎደለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ የደከመውን እናክብር። የኔታ የልጁን ንባብ ሳያርሙ አላስመረቁም፤ አርመውም ሳይመርቁ አልሸኙም።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ ለቀድሞ ተማሪዎች፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። (ከቤት ሥራ ያመለጣችሁ መስሏችሁ ነበር?) ያስተማራችሁን አንድ መምህር አስቡ። በሕይወት ካሉ ስልክ ደውሉላቸው። "እርስዎ ያስተማሩኝ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራልኛል" በሏቸው፤ በደፈናው "እናመሰግናለን" ብቻ አትበሉ፣ ያስተማሯችሁን ነገር ጥሩላቸው። ያ ነው "ይበል" ማለት። አቅም ያላችሁ ደግሞ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ለሰኔ አንድ መጽሐፍ ላኩ፤ አሮጌም ቢሆን ይነበባል።

በእናንተ ጊዜ ሰኔ 30 ምን ይመስል ነበር? ምን ተሸለማችሁ? ስማችሁ ተጠርቶ የማያውቅስ? እሱንም ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ለተፈታኞቻችን ሁሉ፦ እጃችሁ ይፍታ፣ ልባችሁ አይፍራ፣ የለፋችሁበት አይጥፋባችሁ። ለሥራ ባልደረቦቼም፦ ድካማችሁ ፍሬ ይኑረው። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።